ካልሲየሜ ከፍ ያለ ጊዜ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ያንን የሳሎን በር ዛሬም እየጠገነ ነው፤ በሩም ዛሬም አልዘጋ ብሏል።

የደም ምርመራዬን ነገር ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ወረቀቱ ላይ ካልሲየሜ «ከፍተኛ» ተብሎ ሳየው የፈተና ማርክ መሰለኝና፣ አጥንቴ ብረት ሆነ ብዬ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ጉራዬን ነዛሁባት። እሷም «እሰይ!» አለችኝ። ዶክተሯ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እማማ፣ ካልሲየም ደም ውስጥ በዛ ማለት አጥንት ጠነከረ ማለት አይደለም። ምን ምን ነው የሚወስዱት?» አለችኝ። ክሊኒኩ የሰጠኝን የካልሲየም ኪኒንም፣ አንቺ የላክሽልኝንም አብሬ እንደምውጥ ነገርኳት። ታዲያ ምን ላድርግ? ያንቺን ስውጥ በእጅሽ ያጎረስሽኝ ይመስለኛል።

ሁለቱንም አስቆመችኝ። ትናንት ደሜ እንደገና ሲታይ ካልሲየሜ ልኩን ይዟል፤ ያ አላስቀምጥ ያለኝ ውሃ ጥምም ለቆኛል። ለእኔው አስበሽ ነውና እንዳይከፋሽ፣ የኔ እናት።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይስጥሽ። ከእንግዲህ ኪኒን አትላኪልኝ፤ ሲመችሽ አንቺው ነይልኝ። በሩ እንደሆነ አይዘጋም።

እናትሽ