ከገመዱ ውጭ የወጣው ፎቶ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። አስቀድሜ አንድ ጉዴን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ሚጡ የምትማርበት ማዕከል እኛን ወላጆችን ሰብስቦን ነበር፤ አስተማሪዋ የሰው ገላ ሥዕል ሰቅላ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ጥሩልኝ አለችን። ከአንገት በላይ ያለውን ቀድሜ ጠራሁ። ወደ ታች ስትወርድ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ሹልክ አልኩ። ለካ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው የቀረው።

አዎ፣ ትምህርቱ ውስጥ መልሼ አስገባኋት። የልጅቷን ዓይን አትክፈቺባት፣ አስወጫት ብለሽ ስትጽፊልኝ ሁለት ሳምንት አስቀርቻት ነበር። እሷ ግን በየጠዋቱ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ትቆማለች። ነገር ቶሎ አይገባት ይሆናል እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ፎጣ በማጠፍ የሚስተካከላት የለም። ካርቶን ፋብሪካ የሚሠራው የክፍል ጓደኛዋ እጅሽን ልያዝ ብሎ ይጠይቃታል አሉ። ምን አልሽው ብላት፣ ማክሰኞ እሺ፣ ሐሙስ እምቢ አልኩት አለችኝ። አልተቆጣም ወይ ስላት፣ ምን ያስቆጣዋል፣ እሱም ተምሯል እኮ አለችኝ። እኔንና አንቺን ማን እንዲህ አስተማረን?

ባለፈው ቅዳሜ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ሳሎኑ ወለል ላይ ሦስት ገመድ አንዱን በአንዱ ውስጥ ክብ አድርጋ ዘረጋች። በጠባቡ ክብ ውስጥ ስትፈቅድላቸው የሚያቅፏት፣ በሁለተኛው የምትጨብጣቸው፣ በሰፊው ከሩቅ ሰላም የምትላቸው ሰዎች ፎቶ ይገባል። እኔን ከጎኗ አደረገችኝ፤ ሳታንኳኪ መታጠቢያ ቤት አትግቢ የሚል ማስጠንቀቂያ ጨምራ። አንቺም ጠባቡ ውስጥ ነሽ፣ አይዞሽ። የጋሼን ፎቶ ግን ሳሎኑን አቋርጣ ወስዳ ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

እኔ አንስቼ መለስኩት። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ አብረውን ኖረው ነው ያሳደጉን፣ ነውር ነው አልኳት። መልሳ አወጣችው። ደግሜ መለስኩት። በሦስተኛው፣ ምን አድርገውሽ ነው አልኳት። ምንም አላደረጉኝም፣ ግን ጭኔ ላይ ተቀመጪ ይሉኛል፣ እምቢ ስል ይስቃሉ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ ይላሉ አለችኝ። እንዳትነግሪ የሚል ሰው ሲመጣ ንገሩ ተብለናል አለችኝ። እታለም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጋሼን ሳሚ እያልኩ ከኋላ የገፋኋት እኔ ነኝ።

ልጆች ሳለን ማታ ማታ የስፌት መኪናውን እየገፋን የመኝታ ክፍላችን በር ላይ እናስደግፍ የነበረውን ታስታውሻለሽ? እማዬ ወለሉን ጫራችሁት ብላ ጠዋት ጠዋት ስትቆጣን ዝም እንል ነበር። እርስ በርሳችን እንኳ ዝም። ዓይኗን አትክፈቺባት ያልሽኝ ለምን እንደሆነ ያን ቅዳሜ ገባኝ። አልተቀየምኩሽም።

ጋሼ እሑድ እንደ ልማዱ እኛ ቤት ሳምንት ሊያርፍ ይመጣል። ፎቶው ጫማ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ከደጅ ቆሜ እዚህ ቤት ከእንግዲህ እንደማይገባ ልነግረው ነው። ሚጡ አብሬሽ ልቁም አለችኝ፤ ይሄ የእኔ የቤት ሥራ ነው አልኳት። ምን እንደመለሰልኝ፣ ድምፄም ወጥቶ እንደሆነ ያኑ ዕለት እጽፍልሻለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ።

የስፌት መኪናውን በግራ በኩል ትገፋ የነበረችው ታናሽ እህትሽ