የእማዬ ልደትና ነጩ ድንኳን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለወንዲ፣

እንደምን ከርመሃል? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያሠቃይህ ጉሮሮህ ዘንድሮስ ተወህ? ኤቢሴ እንዴት ናት? ትንሿ ሊሊ ቆማ መሄድ ጀመረች? የአማትህ የኦቦ ዱቤስ ወገብ ተሻላቸው? የዓለም ገናው ሰፈራችሁ በጭቃ ምክንያት ባጃጅ እንኳ አያስገባም ብለው የቡራዩዋ ጎረቤታችን እትዬ ድንቅቱ ነግረውኛል፤ ክረምቱን በደህና ያውጣችሁ። እኛ እዚህ ሌስተር አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ባትጠይቀኝም እነግርሃለሁ።

ስልኬን ስለማታነሳ በወረቀት መጣሁብህ። የሥራ ባልደረባዬ ሔለን ለዘመን መለወጫ ስትገባ ሰበታ ድረስ መጥታ በእጅህ ትሰጥሃለች። ሽማግሌ ሳትልክ ኤቢሴን ማግባትህን እማዬ ከሰው አፍ ሰምታ «ወንዲ የሚባል ልጅ የለኝም» ካለችህ ሁለት ዓመት አለፈ። አንተም እልኸኛ ነህ፣ እግርህን ቡራዩ አላነሳህም። ሰኔ ላይ ወደኛ ስትመጣ እንኳ ቦሌ ወጥተህ አልሸኘሃትም። እኔም መሃል ገብቼ ላስታርቃችሁ ሲገባኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩምና ሳትጨርስ እንዳታጥፈው።

እማዬ ሰባ ዓመት ሞላት። የቡሄ ዕለት መወለዷን ታውቃለህ፤ ልደቷ ተከብሮላት ግን አያውቅም። እኔና እህታችን ሐኒ ሳናሳውቃት ባሕር አጠገብ ወስደን ልናከብርላት ተማከርን። ያስቸገረን ማደሪያው ነው። የሁለታችን ቤተሰብ ከእማዬ ጋር ዘጠኝ ነን፤ ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር ስለሆነ የማደሪያ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ባለቤቴ ተድላ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ እየገባ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቤት ፈለገ። የሚበቃን ቤት ከአቅማችን በላይ ነው፣ አቅማችን የሚችለው አራት ሰው አያስተኛም። ሆቴል ብንል እማዬን ለብቻዋ ክፍል ሊያስገቡብን ነው፤ ብቻዋን እንደማትተኛ ታውቃለህ። በመጨረሻ ሜዳውን ለድንኳን የሚያከራይ ገበሬ ተገኘ። ተድላ ከሥራ ጓደኛው ትልቅ ድንኳን ተዋሰ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ለመንኩ። ጾም ስለሆነ ኬኩንም የጾም አስጋገርን። ርካሽ፣ ሰፊ፣ ሁላችንንም አንድ ላይ የሚያሳድር፤ ብልኆች የሆንን መሰለን።

ቡራዩ ተወልደን ያደግን ሰዎች ይህን እንዴት አላሰብንም?

ተድላ ልጆቹን ሁሉ ይዞ በዋዜማው ሄደ። ሐኒና ባሏ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከማንችስተር ደረሱ። እማዬ በሩን ስትከፍት ሐኒ ጥቁር ካፖርት ለብሳ ቆማለች። የሚደውል ሰው ምስጢሩን እንዳያወጣብን ብዬ የእማዬን ስልክ ደብቄባት ነበር። ምን ሆናችሁ ብትለን ምንም፣ ትንሽ ሽርሽር ነው አልናት። ዓይን ዓይናችንን አይታ መኪናው ውስጥ ገባች። መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው። ዞር ብዬ ሳያት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ቸኩላ የለበሰችው መስሎኝ አለፍኩት።

ሜዳው ላይ ነጭ ድንኳን፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ወንበር፣ በሩ ላይ ተድላ እጁን አጣምሮ። አባባ ያረፉ ጊዜ ግቢያችን እንዲሁ ነበር። ልጆቹ ከውስጥ «እንኳን ተወለድሽ» ሊሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ እማዬ «ወንዲዬን! ልጄን!» ብላ ደረቷን እየደቃች ሣሩ ላይ ወደቀች። ሁላችንንም በልቧ ቆጥራን ነበር፤ የጎደልከው አንተ ነህ። ገበሬው ከነሚስቱ እየሮጠ መጥቶ አምቡላንስ ልጥራ ይለናል።

ወንዲ ደህና ነው ብንላት አላመነችም። ከመጣች ጀምሮ በየሳምንቱ «ወንዲ ደውሎ ሰላም ብሎሻል» እያልኩ ስዋሻት ከርሜአለሁ፤ ለካ ታውቅ ኖሯል። ሁልጊዜ እንደዚህ ትይኛለሽ አለችኝ። በኔ ስልክ ደወልን፣ በሐኒ ደወልን፣ በተድላ ደወልን። ይጠራል፣ አታነሳም። ጠርቶ በተቋረጠ ቁጥር ለቅሶዋ ባሰ። የኤቢሴን ቁጥር ከእትዬ ድንቅቱ ተቀብለን የስልኩን ድምፅ ለሁላችን ከፍተን ስንደውል አነሳች። «አካም ጂርቱ፣ እማማ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። ሁለቱ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው። አለ፣ ደህና ነው፣ ላገናኝዎት ስትል ከኋላዋ ያንተ ድምፅ «የለም በያት» አለ።

ሁላችንም ሰማን፣ ወንዲ። እኔ በኀፍረት ስልኩን ልዘጋው ነበር። እማዬ ግን ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። «ተመስገን! እሱ ነው፣ ድምፁ ነው» አለች። ያልከውን አልሰማችም እንዳልልህ አጥርታ ሰምታለች። ነጠላዋን አቅንታ ለበሰችና ኬኩን ቆረሰች።

ማታ ላሞቹንና የታጨደውን ሣር እያየች ሱሉልታ የመጣች እንደመሰላት ነገረችኝ። ቆይታም ልጅ የለኝም ያልኩት በአፌ ነበር፣ ዛሬ እውነት ሆኖ አየሁት አለች። ከዚያ ወዲህ ስላንተ አልተነሳም፤ እኔም መዋሸቴን ትቻለሁ።

መስከረም 3 ጠዋት ቦሌ ትገባለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ወደ ቡራዩ ነው። ሂድ ብዬ አላዝህም። ከሄድክ ግን አደራህን ድንገት በሯ ላይ እንዳትቆም፤ አንዱ ሞቶ ልትነግራት የመጣህ ይመስላታል። አስቀድመህ ደውልና እኔ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው በላት።

ተድላ፣ ሐኒና ልጆቹ ሁሉ በናፍቆት ሰላም ይሉሃል። ኦቦ ዱቤን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ሊሊን ጉንጯን። ይህን መጻፌን እማዬ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ሔለን ሰበታ እንደምትሄድ ስትሰማ አንድ ሰላምታ ብቻ አደራ ብላለች፤ እሱም ለኤቢሴ ነው። «ለልጄ ሚስት» ነው ያለችው።

እህትህ ማሪቱ
ሌስተር፣ እንግሊዝ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.