የአምናውን «አሮጌ»፣ የካቻምናውን «አዲስ» ላሉ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ሔኖክ
የትምህርት ቤቶች መዝገብ ፕሮግራም ስርጭት ክፍል ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡርነትዎ፣ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለወንበርዎ ደህንነት ጌታን እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዝግቤ ያስቀመጥኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ በአደባባይ የምጽፍልዎ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ አሥራ አንዱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎ በትሕትና ስለተነገረኝ ነው። ስብሰባው በሰላም እንዲያልቅ ምኞቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተራችን ተበላሽቶ ከተጠገነ በኋላ፣ ውጤት የምንሞላበትንና ትራንስክሪፕት የምናትምበትን የእናንተን ፕሮግራም እንደገና ለመጫን ወደ ማውረጃ ገጻችሁ ገባሁ። ባየሁት ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ፎልደሮቹ ስም። «አዲስ»፣ «አዲስ አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ» እና «ይሄኛውን ተጠቀሙ» የሚሉትን አይቼ በምርጫው ብዛት ተደስቻለሁ። «የአልአዛር» የሚለውን ሦስት ሰዓት ፈጅቼ ባወርደው ደግሞ የባለሙያችሁ የሠርግ ፎቶዎች ሆነው ተገኙ። ሙሽራዋ በእውነት ታምራለች፤ ትዳራቸው ይባረክ።

2. ስለ ዘመን አቆጣጠር። ክፍልዎ አንዱን ፕሮግራም በፈረንጅ ዓመት «2024»፣ ሌላውን በእኛ ዓመት «2017» ብሎ ሰየመ። ከዚያ ገጹን የማደራጀት ዘመቻ ታወጀና ቁጥሩ የሚበልጠው «አዲስ» ውስጥ፣ የሚያንሰው «አሮጌ» ውስጥ ገባ። ወይ ጉድ! በፈረንጅ 2024 መጋቢት ላይ የወጣው እኮ በእኛ የካቻምናው ነው፤ በ2017 ሚያዝያ የወጣው ከእሱ አንድ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ነው። ለዘመቻው ተሳታፊዎች የምስክር ወረቀት መሰጠቱን በቴሌግራም ገጻችሁ አይቻለሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

3. ስለ ጠፋው ውጤት። እኔ ሞኟ «አዲስ» የሚለውን አምኜ ጫንኩ። ያ የካቻምናው ፕሮግራም በአምናው የተሞላውን መዝገባችንን ከፍቶ፣ ያላወቀውን ሁሉ ባዶ አድርጎ አስቀመጠው። የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች የሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ውጤት በአንድ ጠዋት ድራሹ ጠፋ። ቅጂ ሳልይዝ መክፈቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። መምህር ዋሲሁን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በወረቀት የያዙትን የውጤት ሮስተር ይዘውልኝ መጡ፤ ነገር ግን የጫንኩት ፕሮግራም መልሰን እንሙላ ብንለው አልቀበል አለ። ክፍልዎ ስደውል «አዲሱን ይጫኑ» አለኝ። እሱኑ ሦስት ጊዜ ጫንኩት።

4. ስለ ሙንተሃ። ይህቺ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና አልፋ የተጠራች ናት። የቀራት በፕሮግራሙ የታተመ ትራንስክሪፕት ብቻ ነበር፤ በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም። አባቷ አቶ ሙክታር ሱቃቸውን እየዘጉ አራት ቀን ተመላለሱ፤ «እህቴ፣ ዛሬስ ደረሰ?» ይሉኛል፣ እኔ ነገ ይምጡ እላቸዋለሁ። ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። ሰኞ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ «አሮጌ» የሚለውን ብከፍት ትክክለኛው ፕሮግራም እዚያ ተኝቷል፤ የሙንተሃ ትራንስክሪፕት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ታተመ። ከመቶ ዘጠና ስድስት አማካይ ውጤት በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

ክቡርነትዎ፣ አሁን በንዴት ተነሥተው አሮጌውን በሙሉ አጥፉት እንዳይሉብኝ አደራ። ቡሹሎ በኩል ያሉ ትምህርት ቤቶች ያላቸው ኮምፒውተር የሚችለው የድሮውን ብቻ ነው፤ እሱም ቦታ ይኑረው። እኔ በመደርደሪያዬ ላይ የማደርገውን ብቻ ነው የምለምንዎ፦ አንድ አቆጣጠር፣ አንድ ተራ፣ በየፎልደሩም መቼ እንደወጣና ለየትኛው ኮምፒውተር እንደሚሆን የሚናገር አንድ መስመር። ይህን ለመጻፍ ሥልጠናም፣ የቀን አበልም፣ ቢሾፍቱ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ደግሞም መሄድ ካለብዎ መልካም ጉዞ።

ለገጽዎ ውበት፣ ለባለሙያዎችዎ ትጋትና ለትዕግሥትዎ ያለኝን ከልክ ያለፈ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ክቡርነትዎ የሰየሙትን ሁሉ ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ እያጣራሁ የምከፍት ታዛዥዎ፣

ደስታነሽ
መዝገብ ቤት፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ፦ የሙንተሃ ቦታ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ምን አጥፍታ እንደቀረች ብቻ ጠየቀችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ከአባቷ ጋር ቢሮዎ ድረስ ትመጣለች፤ እስቲ እርስዎ ይንገሯት።