ቀስቱ ዝቅ ብሎ ነበር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ልብስ አጠብኩ። የልጄን ሸሚዞች ተኮስኩ። ከሰዓት ሚጢጢ ከትምህርት ቤት መጥታ ባዶ የማር ብልቃጥ ስጪኝ አለች። የልጅ ልጅ ካዘዘ ምን ይባላል... ሰጠሁ። ፊኛ ቆርጣ አፉ ላይ ወጠረች፣ በላስቲክ አሰረችው። ፊኛው ላይ የለስላሳ መምጠጫ በሙጫ አጋደመች። ቀስት ትለዋለች። ጫፉ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ባለመስመር ወረቀት ይጠቁማል። አየሩ ሲከብድ ፊኛውን ይጫነዋል፣ ቀስቱ ሽቅብ ይላል፤ ፀሐይ ነው ማለት ነው። አየሩ ሲቀል ፊኛው ያብጣል፣ ቀስቱ ቁልቁል ይላል፤ ዝናብ። ጠዋት ጠዋት አንቺ አንብቢ፣ ማታ እኔ እመዘግባለሁ አለችኝ።

እትዬ ከወንበሯ ሆና ሳቀች። "ሙሽሪት ደግሞ ማንበብ ጀመረች?"

አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽሪት። የባሌ ታላቅ እህት ናት፣ ምን ይደረጋል? ዓይኗን ሞራ ቢጋርደውም ምላሷ አልደከመም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ብልቃጡን ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ሚጢጢ ተቆጣችኝ። ሙቀት ፊኛውን ያሳብጠዋል፣ ውሸት ያስነብባል አለች። ኮሪደሩ ላይ፣ ጥላው ውስጥ አደረግነው።

ውሸት ያስነብባል... ያለችው ቃል ሲከነክነኝ ዋለ።

አርብ፣ ሚያዝያ 10

ልጻፈው። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር እትዬ ሻርፕ አምጪልኝ ብላ ሳጥኗን አስከፈተችኝ። ከሥር ደብዳቤ አገኘሁ። የባሌ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ። በወጣትነቴ፣ እሱ ራቅ ያለ አገር ሥራ ላይ ሳለ፣ ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። "እዚያው ቆዪ፣ እናቴን አስታሚልኝ ይልሻል" አለችኝ። ቆየሁ። እናቷን ስድስት ዓመት አጠብኩ፣ አገላበጥኩ። እሱ በአራተኛው ዓመት እዚያው ሞተ።

ወረቀቱ ግን እንዲህ ይላል፦ ቤት ተከራይቻለሁ። ልጁን ይዘሽ ነይ። መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው፣ ስትመጪ አይሻለሁ።

ፊደል አሳስቼ እንደሆን ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አላሳሳትኩም። መልሱንም የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። ምን ብላ ጽፋለት ይሆን?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ቀስቱ ሽቅብ። ፀሐይ ዋለ። እስካሁን አንድ ቀን አልሳተም። ሚጢጢ በሚመጣው ሰኞ ለክፍሏ ልታሳይ ነው፤ ደስታዋ ልክ የለውም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

እትዬ ፍራሽ አዳሹን አስጠርታ የእናቷን ፍራሽ ልታስተረትር ተነሳች። እናቷ የሞቱበት፣ እኔ ጎንበስ ቀና ያልኩበት ፍራሽ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሚጢጢ ትምህርት ቤት ናት።

"ሙሽሪት፣ የልጅቷ ዕቃ ምን ይላል?"

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አየሁ። ቀስቱ ከመጨረሻው መስመር በታች ወርዷል።

"ሽቅብ ነው፣ እትዬ። ዛሬ ፀሐይ ነው።"

እንዴት ቀለለኝ!

ሰውዬው ጥጡን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ሰባት ሰዓት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እሷ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ በዳሰሳ ጥጥ ታፍሳለች፣ ትጣራለች። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ካውያ ይዤ ነበር፣ አልሰማሁም አልኳት።

ማታ ሚጢጢ ጠዋት ቀስቱ የት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሽቅብ አልኩ። ጻፈችው። እትዬ፣ ዕቃሽም እንዳንቺ ቀልማዳ ነው አለቻት። ልጅቷ መዝገቧን ዘግታ ሄደች።

አርብ፣ ሚያዝያ 17

ብልቃጡን ቆሻሻ ውስጥ አገኘሁት። ለምን ጣልሽው? አይሠራም አለች። ሰኞ ምንም አላሳይም፣ ክፍሉ ይስቅብኛል አለች።

የእኔ ዕዳ ከእትዬ ጋር ነበር። ይቺ ልጅ ምን አደረገችኝ?

አውጥቼ አጠብኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

እትዬንና ሚጢጢን አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። እትዬ የተረፈውን ጥጥ በጣቷ ትፈለቅቃለች።

"ቀስቱ ዝቅ ብሎ ነበር" አልኩ። "አይቼዋለሁ። አውቄ ነው ገልብጬ ያነበብኩት።"

"ለምን፣ እማማ?" አለች ሚጢጢ።

የእትዬ ጣቶች ቆሙ። "ሳጥኔን የከፈትሽ ጊዜ ነው" አለች። ጥያቄ አልነበረም። አልካደችም። እናቴ አስታማሚ አጥታ እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ ነው ብላ አጉረመረመች። እኔስ? ልጄስ?

ሚጢጢ ከነገሩ ምኑም አልገባት። መዝገቧን አምጥታ እርሳሱን አስጨበጠችኝ። አይሰረዝም፣ ከጎኑ እውነቱ ይጻፋል አለች። በእጄ ጻፍኩ፦ ሐሙስ ጠዋት ቀስቱ ቁልቁል ነበር። አያቷ ዋሸች።

ፈርሚ አለችኝ። ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ትናንት አሳየች። አስተማሪዋ የኔን መስመር ለክፍሉ አንብባ አስቃቸዋለች። ይሳቁ። አዲስ ፊኛ ወጥረናል።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ከወጣች በኋላ እትዬ ግድግዳውን እየዳበሰች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የወንድሜን ደብዳቤ አንብቢልኝ፣ ምን ብሎ እንደጻፈ ረስቼዋለሁ አለች። መቼ ትረሳና... ይቅርታ ፍለጋ ነው? ይቅር አላልኳትም።

ግን አነበብኩላት። ቀስ ብዬ። አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ አንድ ሳልጨምር። መስኮቱ የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ።

"ይበቃል" አለች።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።