ስምሽን የከለከልኩት ሽልማት

ለትርንጎዬ፣ ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ፤

ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ከልጃችንም፣ ከእናትሽም፣ ከንስሐ አባቴም የደበቅሁትን ነገር ዛሬ ላንቺ ልናዘዝ። መሥሪያ ቤትሽ አልረሳሽም። ረስተዋታል ያልኩት እኔ ነኝ።

የአርባሽ ተዝካር ካለፈ በኋላ ሻለቃ በላቸው ቤታችን መጣ፤ ሳተላይት ስትከታተሉ ካንቺ ጋር አንድ ፈረቃ የነበረው በላቸው ማለቴ ነው። ባርኔጣውን በር ላይ አውልቆ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ነገረኝ። ጦሩ በሕዋ ግዳጅ የላቀ ሥራ ለሠራ ሰው በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት፣ አንቺም በሕይወትሽ ሳለሽ የወሰድሽው፣ ከእንግዲህ በስምሽ እንዲጠራ አለቆቹ ፈልገዋል። የቀረው የቤተሰብ ፈቃድ ነው አለኝ። ላስብበት አልኩት። ልጃችን ሶስና ያን ቀን እናትሽ ዘንድ ነበረች። ስትመለስ ማን መጥቶ ነበር ብላ ብትጠይቀኝ የዕድር ሰው ነው አልኳት።

በዓመቱ በላቸው ደወለልኝ። አሁንም እያሰብኩበት ነው አልኩት። በዚያው ሰሞን ሽልማቱ ለሌላ መኮንን ሲሰጥ ሶስና በቴሌቪዥን አይታ፣ የእማዬን ስም እንኳ አላነሱም ብላ አለቀሰች። ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ የመሥሪያ ቤት ነገር እንዲህ ነው፣ የሞተ ይረሳል አልኳት። እናትሽም ሰምተው፣ ልጄን አፈር አልብሰው ተዉአት ብለው ደረታቸውን መቱ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ።

ምን ነካህ ብትዪኝ ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ኀዘኔ ነው፣ ጭምት መሆኔ ነው እያልኩ። አይደለም። በላቸውን እንደ ወንድ ጠርጥሬው አላውቅም፤ አንቺንም እንዲሁ። እንዲያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። እኔ የቀናሁት እሱ የሚያውቀውን ትርንጎን እኔ ስለማላውቃት ነው። ማታ ስንገናኝ እኔ ከጎሚስታ ቤቴ የዋልኩትን ሁሉ እነግርሽ ነበር፤ ከየትኛው ጎማ ምን ዓይነት ሚስማር እንደነቀልኩ፣ የትኛው ሾፌር ከየትኛው ጋር እንደተጋጨ። አንቺ ትስቂልኝ ነበር። ያንቺን ውሎ ስጠይቅሽ ግን ጫማሽን እያወለቅሽ «ደህና ነበር» ትዪኛለሽ። ሥራው እንደማይወራ አውቃለሁ፤ የማልሽበት ነው። ግን ሆድ አያውቅማ።

የተሸለምሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? ከተከራየሁት ኮት ውስጥ አንገቴን አውጥቼ ከቤተሰብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። የሠራሽውን ሲያነቡ አዳራሹ በሙሉ ገብቶት አጨበጨበ። እኔ ሰው ሲያጨበጭብ አይቼ ተከተልኩ። ሚስቴን አዳራሹ ሁሉ ሲያውቃት እኔ ብቻ እንግዳ ሆንኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ እስኪ በኔ ቋንቋ ንገሪኝ ብዬ ለመንኩሽ። ከላይ የተሰባበረ አሮጌ ብረት ይንሳፈፋል፣ ወደኛው ሳተላይት ሲመጣ አይተን ከመንገዱ ዞር አደረግነው፣ ወሎ ሰፈር መስቀለኛው ላይ መኪና ሲመጣብህ ዞር እንደምትለው በል አልሽኝ። እኔም፣ እንዲያ ከሆነማ የሸለሙሽ ትራፊክ ስለሆንሽ ነው በይኛ አልኩሽ። ሳቅሽ፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮም ዞረው ሳቁ። ቀልድ መስሎሽ ነበር። እኔ ግን ላሳንሰው ፈልጌ ነው ያልኩት። ያንን ቀን ይቅር በዪኝ።

እና በላቸው ስምሽን ሊወስድ ሲመጣ ያ ቁስል አገረሸብኝ። ክፉ ሐሳብ እንደሆነ እያወቅሁ እንዲህ ስል ከረምኩ፦ በቅዳሴ የምትታሰቢው ወለተ ጻድቅ ተብለሽ ነው፤ አንዱን ስምሽን ቤተ ክርስቲያን ይዛዋለች። ሁለተኛውን ጦሩ ከወሰደው ለኔ ምን ሊቀረኝ ነው? ደግሞ የሚጽፉት ሻምበል ትርንጎ አለማየሁ ብለው ነው፤ የአባትሽ ስም አለበት፣ የኔ የትም የለም። እንዲያውም አንድ ቀን ጎማ እየለጠፍኩ፣ «የጎሚስታው ሚስት» ተብሎ ከሥሩ ይጨመርልኝ ብላቸውስ ብዬ አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤቴ ባትሪ ሠሪው፣ ሰውየው ጀመረው እንግዲህ አለ።

ቤቱን ከጠየቅሽኝ ደህና ነው። የካ አባዶ ውሃው አሁንም እንደፈለገው ይመጣል ይሄዳል፤ በርሜሎችሽ በረንዳው ላይ እንደቆሙ ናቸው። ወሎ ሰፈር መንገዱ ሲሰፋ ጎሚስታ ቤቴን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገውብኛል፤ ደንበኛ ግን አልራቀኝም። ሶስና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሥራሽን ልትማር ነው የምትፈልገው፤ ስለ ሰማይ ስታወራ እኔ አሁንም ሰው ሲያጨበጭብ አይቼ የማጨበጭብ ነኝ።

አፌን ያስከፈተኝ ነገር የሆነው በመድኃኔዓለም ዕለት ነው። ከሶስና ጋር ቦሌ መድኃኔዓለም አስቀድሰን ስንወጣ በላቸው ነጠላውን አጣፍቶ በሩ ላይ አገኘን። እጁን ዘረጋላት። እሷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «እናንተ እማዬን ስትረሱ ደህና ነበራችሁ፤ ዛሬ ሰላምታው ከየት መጣ?» አለችው፣ ሰው እየሰማ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። በላቸው አየኝ። ምንም ሳልነግራት እንደቆየሁ ወዲያው ገባው። አንዲት ቃል ቢናገር አልቄ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ልክ ነሽ ልጄ፣ አጥፍተናል» አላትና ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

የኔን ኃጢአት ተሸክሞልኝ ሄደ። እኔስ? ትዕግሥቱንም ቀናሁበት። ለካ አብራችሁ ስትውሉ የተማራችሁት ይሄንንም ነው አልኩ። ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል ትርንጎ?

በሚኒባሱ ልነግራት አልቻልኩም፤ ረዳቱ ይጮኻል፣ እሷም ገና በንዴት እየተንተከተከች ነበር። ብሎካችን ደረጃ ሥር ስንደርስ፣ ቆይ አልኳትና የተናዘዝኩልሽን ሁሉ ነገርኳት። የጸበሉን ጠርሙስ አስቀምጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የሚሰድበኝ አፍ ጠብቄ ነበር። «አባዬ፣ ሰውየውን እኮ ሰው ፊት አዋረድኩት» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። ጠዋት ምሳ ዕቃዬን ሞልታ በሩ አጠገብ ታስቀምጥልኛለች። ሲከፋኝ፣ ለአያትሽ አንቺ ንገሪልኝ፣ ለሰውየውም ደውዪለት ብዬ ብለምናት፣ «ያሰርከው አንተ ነህ፣ አንተው ፍታው» አለችኝ። አነጋገሯ አንቺን ሆነብኝ።

ለእናትሽ ነገርኳቸው። አልቅሰው ሲያበቁ፣ እኔም እኮ ላንተ ስድራት ቀንቼ ነበር አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። የንስሐ አባቴ ደግሞ ስግደቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሂድና ሰውየውን ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ።

ቅናቱ ወጥቶልኛል ብዬ አልዋሽሽም። በየዓመቱ ሽልማቱ ላይ ስምሽን ሌላ ሰው ጠርቶ ሌላ ሰው ሲያጨበጭብለት መቅናቴ አይቀርም። ቢሆንም እዚያ እገኛለሁ፣ ሶስናን ይዤ። በቅዳሴ ወለተ ጻድቅ ብዬ አሳስብሻለሁ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ትርንጎዬ እያልኩ አስብሻለሁ። ያንን ማንም አይወስድብኝም።

ሰኞ ዕለት ጎሚስታ ቤቴን ዘግቼ መሥሪያ ቤትሽ ሄድኩ። በሩን የሚጠብቀው አዲስ ልጅ ነው። ሻለቃ በላቸውን ፈልጌ ነው ብለው፣ ማን ልበል አለኝ። የሻምበል ትርንጎ ባለቤት ነኝ አልኩት። «የማን?» አለኝ።

ትርንጎ፣ ያንን ሲለኝ ነው የገባኝ። ያወራሁት ውሸት እውነት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በላቸው ተጠርቶ ሲወጣ በሩ ላይ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጁ ያዘኝ። ይቅር በለኝ፣ ፈቅጃለሁ፣ ስሟን ጻፉት አልኩት። እሱ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ውስጥ ሊያስገባኝ ክንዴን ሲይዘኝ፣ አንዴ ቆየኝ ብዬ ወደ ጥበቃው ልጅ ተመለስኩ። ሻምበል ትርንጎ አለማየሁ ማን እንደነበረች፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ የማውቀውን ያህል ነገርኩት።