ለትርንጎ ዓይን

ታኅ. 13፣ 2002፤ ማክሰኞ፣ 5 ሰዓት

መብራት ዛሬም በፈረቃ። የሱቄ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሞቷል። ደንበኛ የለም፤ በጾም ማን ይኳኳላል። ሥራ ስፈታ የራሴን ዓይን ሠራሁ። ቀኙን በማያብለጨልጨው፣ በድፍኑ ቡናማ ቀለም ብቻ፣ ግራውን በብልጭልጩ ወርቅማ ብቻ። መስታወት ፊት ቆምኩ። ቀኙ ከቀብር የተመለሰች ሴት ዓይን፣ ግራው የቡና ቤት። ራሴን ሰድቤ ታጠብኩ።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ታናሼ ትርንጎ ጥር 16 ታገባለች። ባሏ ዲያቆን ነው፣ የሙጃ ልጅ፤ ሰርጉ በተክሊል። ጠዋት ሲቆርቡ ፊቷን ቀለም አይነካውም። ይኼን አውቃለሁ፣ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ከቤ/ክ ተመልሳ እኛ ቤት ዳስ ስትገባ ግን ዓይኗ የእኔ ነው። ራሷ ናት የለመነችኝ፤ ከአንች እጅ በቀር ማንም አይነካኝም አለች። ሦስት ዓመት የሰው ሙሽራ ስኩል ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የቤቴ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

ታኅ. 18፣ እሑድ

ችግሩ ብርሃኑ ነው። የላሊበላ ፀሐይ አይምርም፤ ብልጭልጩን ደጅ ሲያገኘው የዓይን ቆብ ላይ ጨው የተበተነ ያስመስለዋል። ጥላ ውስጥ ደግሞ ድፍኑ ይጠፋል፣ ዓይን እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። ዳሱ ደጃፉ ፀሐይ፣ ውስጡ ጨለማ። ሁለቱን እንዴት ላስታርቅ?

ዛሬ ተኳኩዬ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ከአንዱ ቤ/ክ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የዋሻ መንገድ ገባሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጨለማው ውስጥ በሞባይሌ መብራት መስታወት ሳይ አንድ ባሕታዊ ደረሱብኝ። አጋንንት ያዩ መስሏቸው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ሳቄን ይዤ ሮጥኩ።

ግን አገኘሁት። ድፍኑ የዓይን ቆቡ እጥፋት ላይና ጠርዙ ላይ፣ መስመሩ እስኪጠፋ ተሻሽቶ። ብልጭልጩ ከቆቡ መሐል ብቻ፤ በብሩሽ አይደለም፣ በጣት ጫፍ ተጫን ተጫን ተደርጎ። ከተሻሸ ጉንጭ ላይ ይረግፋል። ከቅንድብ ሥር ምንም። ሁለት እጅ ድፍን፣ አንድ እጅ ብልጭልጭ። ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ዓይኑ አይደነግጥም።

ታኅ. 24፣ ቅዳሜ

እህቴ ት. ሱቅ መጣች። ሞከርንባት። ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ በልጅነቷ ቅማል ስለቅምላት የነበረው ሁኔታዋ ነው፤ እጇን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ። ስጨርስ መስታወቱን ሰጠኋት። ብዙ አየች። ከዚያ አለቀሰች፤ ኩሉ ሁሉ ወረደ። ምን ሆንሽ ብላት ሙሽራ ታለቅሳለች አለችኝ። አምኛታለሁ።

ጥር 3፣ ሰኞ

አባዬ አስጠሩኝ። የካህን ሙሽራ ፊቷን አትቀባም አሉ፤ ዳስም ውስጥ ቢሆን። ቀና ብለው አላዩኝም፣ ዳዊታቸውን እያገላበጡ ነው የተናገሩት። እሺ አባዬ አልኩ። ምን እላለሁ? ሃይማኖታቸው ነው። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። እማዬ ጓዳ እንደገባች ቀረች፤ ስወጣም አልሸኘችኝ።

ከፍቶኛል። ግን ይሁን።

ጥር 12፣ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

ይሁን ያልኩት እኔ ሞኟ ነኝ።

አክስቴ አሰገደች ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ወሬ ስታበዛ አመለጣት፦ ከወልድያ ሜካፕ የምትሠራ ሴት ተቀጥራለች። ለማን? ለት.። ቀለም ተከልክሎ የለም ወይ አልኳት። ከንፈሯን ነከሰች። ይዤ አልለቅ ስላት ተናገረች። የዲ/ኑ እናት፣ ፈት ሴት ሙሽራችንን አትንካብን ብለዋል። አባዬ እሺ ብለዋል። እማዬ ታውቃለች። ት.ም ታውቃለች፤ ያን ቅዳሜ እኔ ፊት ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ ታውቅ ነበር!

ፈት። አዎ ነኝ። ጋሸና ላይ የሚደበድበኝን ሹፌር ባሌን ጥዬ በአንድ ፌስታል ልብስ የመጣሁ ፈት ነኝ። ሲደበድበኝ የሱ እጅ አልረከሰም፤ ጥዬው ስመጣ የኔ ረከሰ። አባዬ በሃይማኖት ቢከለክሉኝ እችለው ነበር። እግዜርን ምክንያት አድርገው ዋሹኝ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥር 13

ሱቅ አልከፈትኩም። ቀበሌ ለስብሰባ ጠርቶኛል፤ አልሄድኩም። ወርቅማውን ብልጭልጭ ልደፋው ክዳኑን ከፍቼ ነበር። እሱ ምን አጠፋ። መልሼ ዘጋሁት።

ጥር 16፣ እሑድ፣ 7 ሰዓት

ቤ/ክ ከኋላ ቆሜ አየኋት። አክሊሉ ተደፍቶላት፣ ፊቷ ውኃ ብቻ የነካው። አማረባት። ያለ እኔም ያለ ማንም አማረባት። ይኼ ሐቅ ነው፣ እጽፈዋለሁ። ዳስ አልሄድኩም። ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል።

8 ሰዓት ተኩል

አክስቴ እያለከለከች መጣች። የወልድያዋ ሴት ከቆብ እስከ ቅንድብ ብልጭልጭ አልብሳታለች። ደጅ ስትወጣ ሰው ዓይኑን በእጁ ጋረደ አሉ። ቪዲዮ አንሺው ፊቷ አይወጣም ብሏል። ት. አልቅሳ የቀረውን አበላሽታዋለች፤ እህቴን ካላመጣችሁ አልወጣም ብላ ጓዳ ተቀምጣለች። እና ተፈለግሁ። በጓሮ በኩል ግቢ፣ የሙሽራው ወገን ሳያይሽ ሥሪያትና በዚያው ውጪ ተብያለሁ። ማን አለ? አልኩ። አባትሽ።

ሳቅኩ። አክስቴ ደነገጠች። እጄ የሚረክሰው ለካ ሰው ሲያየው ነው።

አልሄድም ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ግን ት. ናት። ብትደብቀኝም፣ ብትፈራም፣ እኔ ያዘልኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ እንደዚያ ሆና እንድትታይ አልፈልግም። ጓሮ ግን አልገባም። አክስቴን ሂጂ ንገሪያቸው አልኳት፦ እመጣለሁ፣ በዳሱ በር፣ ሣጥኔን ይዤ፣ የዲ/ኑ እናት እያዩኝ። ት.ንም ጓዳ ውስጥ አይደለም የምሠራት፤ ወንበሯን ያውጡላት።

አባዬ ካልፈለጉ በሩ ላይ ይቁሙ። እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ በራሳቸው አፍ፣ ልጄ ሆይ አትገቢም ይበሉኝ።

አክስቴ ሄዳለች። ነጠላዬን ለበስኩ። ወጣሁ።