የአባዬ ካሜራና የእኔ አልኮል

ለወንድሜ ዘርአብሩክ፣

የጌታ ሰላም በደጅህም በጓዳህም ይሁን። እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ ተሻለህ? ሜሮንስ የደቡብ አፍሪካን ብርድ ለመደችው? ኦሊያድ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ይስቃል? እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ያለችበት የላንቴው ሙዝም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን እየሰማሁ መጨረስ ስለማልችል ነው። አፍሬአለሁ።

ኦሊያድ አያቱን እንዲያውቃት እማዬን በአባዬ ካሜራ አንስቼ እንድልክልህ አደራ ብለኸኝ ነበር። ካሜራውን ባወጣው የሐይቁ ወበቅ መመልከቻውን አደብዝዞታል። አባዬ በሕይወት ሳለ «ሌንሱን እያዞርሽ ሁለቱን ምስል አንድ ሳታደርጊ አትጫኚ» ይለኝ የነበረው ትዝ ይልሃል? ሁለተኛዋ ምስል በጭራሽ አትለይም። ላብራቶሪ የምንሠራ ሰዎች ደግሞ አልኮል የማያጠራው ነገር ያለ አይመስለንም። ክዳኑን ፈትቼ የውስጡን መስታወት በአልኮል ጥጥ ወለወልኩት። ጥጡ ላይ ወርቅማ ነገር ቀረ፤ እድፍ መሰለኝ። ለካ ሁለተኛዋን ምስል የሚያሳየው ቅብ እሱ ኖሯል! መመልከቻው ኩልል አለ፣ የሚታየውም አንድ ምስል ብቻ ሆነ። እኔ ሞኟ ሁለቱ አንድ ሆኑልኝ ብዬ ሌንሱን እንኳ ሳላዞር ተጫንኩ።

ስልክ ሲያነሳት ፊቷን የምታዞረው እማዬ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ጎረቤታችን በለጥሽ ሹሩባ ሠርታላት ሙዙ ሥር ተቀመጠች። ባለቤቴ ሳምሶን በስልኩ ላንሳት ቢል እኔው ከለከልኩት። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ ከኋላዋ ያለው የሙዝ ቅጠል ጅማቱ ሳይቀር ይታያል፤ የእማዬ ፊት ግን ጉም ነው። የካሜራ ጠጋኙም ለቅቡ ምትክ የለውም አለኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ «ደረሰው ወይ?» ስትለኝ «ደርሶት ሰቅሎታል» አልኳት። አንተ ስትደውል ወሬ እያስቀየርኩ አለፍኩ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምስክርነት ተነሥታ፣ «ባሕር ማዶ ያለው የልጅ ልጄ ፊቴን አወቀ፣ ጌታ ይመስገን» አለች። ምእመኑ እልል አለ። እኔም አብሬ እልል አልኩ።

ዋሽልኝ ብዬ ልለምንህ ነበር ወረቀት ያነሣሁት፤ አንተን መጨመር ከበደኝ።

ሜሮንን ሰላም በልልኝ፣ ኦሊያድን ጉንጩን ሳምልኝ። ሳምሶንም በለጥሽም ሰላም ብለውሃል። ይህን ለሚያደርስልህ ለዮናስ ሰጥቼ በቀጥታ ወደ ላንቴ እሄዳለሁ። ስትደውል እማዬ ዝም ካለችህ፣ ነግሬአታለሁ ማለት ነው።

እህትህ ኖላዊት
አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.